ከባለቤቱ የተለየ አካል

አጎታችን በ2006 ዓ.ም. በስኳር በሽታ ምክንያት ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች በተቆረጠ ጊዜ፥ ከማደንዘዣው ነቅተው መጀመሪያ የተናገሩት ቃል ስለ ሕመማቸው አልነበረም። አልጋቸውን ከብበን የቆምነውን ዘመዶች አንድ በአንድ ከተመለከቱ በኋላ፥ «እግሬን የት አደረጋችሁት?» ብለው ጠየቁን። እኛም የማደንዘዣው ስካር ያናገራቸው መስሎን ዝም አልን። ጥቂት ቆይተው ደግመው ጠየቁ። ከመካከላችን አንዱ፥ «ጋሼ፥ እሱ እኮ የሞተ እግር ነው፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልዎታል?» ቢላቸው፥ «ቢሞትም የኔ ነው። ስድሳ ስምንት ዓመት ተሸክሞኛል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላየው የት ይሄዳል?» አሉ።

በዚያ ሰዓት የተሰማንን ስሜት ለመደበቅ አንፈልግም፤ አፈርን። ትምህርት ቤት የገባን፥ በመሥሪያ ቤት ወንበር የተቀመጥን ሰዎች በመሆናችን የአጎታችን ጥያቄ የባላገር የዋህነት መስሎ ታየን። ነርሷ ፈገግ ስትል እኛም አብረናት ፈገግ አልን። ከዚያ ወዲህ የታሪክ መጻሕፍት ስናገላብጥ ግን፥ ይህንኑ ጥያቄ ሎርዶችና ጄኔራሎች፥ የባሕር ኃይል ሹማምንትና ተራ ወታደሮች፥ ሐኪሞችም ሳይቀሩ እንደ ጠየቁት አገኘን። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ያን ዕለት ያሳፈረን ፈገግታ ነው። የውጭ አገር ታሪክ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ የአጎታችን ብቻ በእኛው አቈጣጠር ነው።

በቅድሚያ ከራሳችን ቤት እንጀምር። አማርኛ ተናጋሪ ሰው የትውልድ ቦታውን ሲጠራ «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል። ሰው ወደዚህ ዓለም እንደ መጣ ከሰውነቱ ተቆርጦ የሚለየው የመጀመሪያው ቁራጭ እትብት ነው፤ እርሱ የተቀበረበት አፈር አገር ተብሎ ይጠራል። ይህን ቃል ሹሙም በንግግሩ፥ ገበሬውም በአቤቱታው ይጠቀምበታል፤ ነገር ግን የተቆረጠ አካል የተቀበረበትን ስፍራ መጥራታችን መሆኑን ቆም ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ልጅም የወተት ጥርሱ ሲነቀል ወደ ቤት ጣራ ይወረውረዋል እንጂ እንደ ጥራጊ አይጥለውም። በቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ጥር 24 ቀን የሚከበረው ስባረ ዐፅሙ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት፥ ጻድቁ ለጸሎት ቆመው ሳሉ አንዲት እግራቸው የተሰበረችበት ቀን መታሰቢያ ነው። ሠዓሊዎቻችንም ጻድቁን በአንድ እግራቸው እንደ ቆሙ አድርገው ይሥሏቸዋል። ከጻድቅ ለተለየች እግር በዓል በሚከበርበት አገር ተወልዶ ያደገ ሽማግሌ «እግሬ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስቅ ነገር እንዳልነበረው ዛሬ ይገባናል።

ወደ ውጭ አገር ስንሻገር ከሁሉ አስቀድሞ የምናገኘው ሰው እንደ እኛው የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ሳሙኤል ፒፕስ የተባለው እንግሊዛዊ በባሕር ኃይል አስተዳደር ውስጥ ከፍ ያለ ሹመት የደረሰ፥ ይልቁንም ከ1660 እስከ 1669 ድረስ በጻፈው የቀን ማስታወሻ ስሙ የታወቀ ሰው ነው። ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በፊኛ ጠጠር ይሠቃይ ነበር። ሕመሙ የማይቻል በሆነበት ጊዜ፥ በማርች 26 ቀን 1658፥ ገና በ25 ዓመቱ፥ ቶማስ ሆሊየር በተባለ ቀዳጅ ሐኪም እጅ ወደቀ። በዚያ ዘመን ማደንዘዣ የሚባል ነገር አልነበረም። በሽተኛው እጅና እግሩ ታስሮ፥ ጠንካራ ሰዎች ይዘውት፥ ዓይኑ እያየ ጆሮው እየሰማ ይቀደድ ነበር። ከዚህ ሥቃይ ብዙዎች በሕይወት አይወጡም ነበርና፥ ፒፕስ በዳነ ጊዜ ያን ቀን በየዓመቱ ግብር አግብቶ ሊያከብረው ተሳለ።

ከፊኛው የወጣው ጠጠር የቴኒስ ኳስ ያህል ነበር። ፒፕስ አልጣለውም። በ1664 ዓ.ም. ለጠጠሩ ብቻ ማኖሪያ የሚሆን ሣጥን በ25 ሽልንግ አሠራለት፤ ይህም ለዘመኑ የቀን ሠራተኛ የበርካታ ቀናት ደመወዝ ነው። በመንግሥት መዝገብ ላይ እያንዳንዱን የመርከብ ገመድና ሸራ ሲቈጣጠር የሚውል ሰው ለአንድ ጠጠር ይህን ያህል ማውጣቱ ሊያስገርመን ይችላል። እኛን ግን ብዙም አላስገረመንም። በመሥሪያ ቤታችን አንድ ባልደረባችን የሐሞት ጠጠሮቹን በኦፕራሲዮን ካስወጣ ወዲህ፥ ሦስቱን በመድኃኒት ብልቃጥ አድርጎ በጠረጴዛው ላይ ከማኅተሙ አጠገብ አኑሯቸዋል። ባለጉዳይ ሁሉ ብልቃጡን ሳያይና ታሪኩን ሳይሰማ ጉዳዩ አይፈጸምለትም።

የፒፕስ ጠጠር ግን ከጨዋታ ያለፈ አገልግሎት ነበረው። ጆን ኢቭሊን የተባለው ወዳጁ፥ እርሱም የቀን ማስታወሻ ጸሐፊ የነበረ፥ ሪቻርድ የሚባል ወንድም ነበረው። ሪቻርድም በዚያው በጠጠር በሽታ ታሞ፥ ከቀዶ ሕክምናው ፍርሃት የተነሣ ወላውሎ ተኝቶ ሳለ፥ ኢቭሊን በጁን 10 ቀን 1669 ፒፕስን ይዞ ወደ ወንድሙ ሄደ። ፒፕስም ጠጠሩን ይዞ ነበር። ሐሳባቸው ግልጽ ነው፤ ይህን የሚያህል ጠጠር ከሆዱ ወጥቶለት፥ ከ11 ዓመት በኋላ በሁለት እግሩ ደረጃ ወጥቶ የመጣ ሰው በዓይኑ ቢያይ ልቡ ይጠናል ብለው ነው። ሪቻርድም ሊቀደድ ፈቀደ። ሁሉ ነገር ከተዘጋጀ በኋላ ግን በመጨረሻው ሰዓት ልቡ ከዳውና እምቢ አለ። በሚከተለው ዓመት በ1670 ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር በፊኛው ውስጥ የተገኘው ጠጠር ከገውዝ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ነበር። ፒፕስ ይዞት ከመጣው ጋር ሲነጻጸር ከምንም የማይቈጠር ጠጠር ነው። ሐኪሞች ከበሽተኛ ያወጡትን ነገር ለበሽተኛው ማሳየት ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ይህ ታሪክ ግማሽ መልስ ይሆነዋል፤ ግማሽ ያልነው ሪቻርድ አይቶም ስላልዳነ ነው።

ስለ ሎርድ አክስብሪጅ እግር በአጭሩ እናልፋለን፤ ምክንያቱም ከእግሩ ይልቅ እግሩን ያተረፈበት ሰው ታሪክ ነው። በጁን 18 ቀን 1815 በዋተርሉ ጦርነት የእንግሊዝ ፈረሰኛ አዛዥ የነበረው አክስብሪጅ ቀኝ እግሩ በመድፍ ተመትቶ፥ በመንደሩ በሚገኝ በአንድ ሰው ቤት ተቆረጠ። ባለቤቱ እግሩን በአትክልት ቦታው እንዲቀብረው ለምኖ ተፈቀደለት፤ የመቃብር ድንጋይም ጽሑፍ ቀርጾ አቆመለት። ከዚያ በኋላ ከየአገሩ የሚመጣው ጐብኚ ሁሉ መቃብሩን ሳያይ አይሄድም ነበር፤ ለቤቱም ጥሩ ገቢ ሆነ። በ1878 የጌታው ልጅ ለማየት ቢሄድ የአባቱ አጥንት ከመቃብር ወጥቶ ለትርኢት ተቀምጦ አገኘው። ይመለስልን ቢሉ ባለቤቶቹ ዋጋ ጠየቁ ይባላል። ጌታው ራሱ ግን በሰው ሠራሽ እግር እየሄደ እስከ 1854 ድረስ በክብር ኖሮ ነበር።

የሜክሲኮው ጄኔራል ሳንታ አና እግር ታሪክ ደግሞ ፖለቲካ ነው። በ1838 ፈረንሣዮች ቬራክሩዝ በተባለችው ወደብ ላይ ሲያጠቁ ግራ እግሩ በመድፍ ተመታና ተቆረጠ፤ በገዛ ርስቱም ተቀበረ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን፥ በሥልጣን ላይ በነበረበት በ1842፥ እግሩ ከመቃብር ተቈፍሮ ወጥቶ ወደ ዋና ከተማው መጣ። ሹማምንትና ወታደር ተሰልፎ፥ ንግግር ተደርጎ፥ ሐውልት ተሠርቶለት በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተቀበረ። የአገሩ ሹማምንት በመኪና ሳይሆን በፈረስ ዘመን ለአንድ እግር ቀብር ሲሰለፉ ምን ያስቡ እንደ ነበር ለመገመት እንሞክራለን፤ ያልተገኘ ሹም ስሙ ሳይመዘገብ እንዳልቀረ ግን የመሥሪያ ቤት ልማድ ያስጠረጥረናል። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በዲሴምበር 1844፥ ሕዝቡ በተነሣበት ጊዜ ያው እግር ከመቃብሩ ወጥቶ በጎዳና ላይ ተጎተተ። ሰውየው ከከተማው ርቆ ስለ ነበር ቁጣው በተገኘው አካሉ ላይ ወረደ። በ1847 ደግሞ ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ጦርነት ሰው ሠራሹን እግሩን የኢሊኖይ ወታደሮች ማረኩበት፤ እርሱም እስከ ዛሬ በኢሊኖይ ግዛት በጦር ሙዚየም ይገኛል። ሁለቱንም ግራ እግሮቹን በተለያየ መንገድ ያጣ ሌላ ሰው መኖሩን አንብበን አናውቅም።

እስከዚህ ድረስ ያነሣናቸው ሰዎች ሁሉ የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም አካላቸው ሲቆረጥ ነቅተው ነበር። በኦክቶበር 16 ቀን 1846 በቦስተን ከተማ ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም አንድን በሽተኛ በኤተር አደንዝዞ፥ ቀዳጁ ሐኪም በአንገቱ ላይ የነበረውን ዕባጭ ሳያሳምመው ቀደደለት። በዚያን ዕለት የሰው ልጅ ከታላቅ ሥቃይ ተገላገለ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በሽተኛው ተኝቶ ይገባል፥ ተኝቶ ይወጣል። በመካከሉ የሆነውን ሐኪሙ ያውቃል፤ ባለቤቱ አያውቅም። አንድ ሰው በቤቱ ተኝቶ ሳለ ዕቃው ተወስዶ ቢነቃ «ማን ወሰደው? የት አደረሰው?» ብሎ መጠየቁ የታወቀ ነው። አጎታችንም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንለፍ፤ በዚህ ነገር ከእርሱ የበለጠ የሚያስተምር ዘመን የለም። በሰሜኑ ጦር ብቻ የተመዘገበው እጅና እግር መቁረጥ ወደ 30,000 ይጠጋል። በ1862 የጦሩ ዋና ሐኪም ዊልያም ሐመንድ በዋሽንግተን የጦር ሕክምና ሙዚየም እንዲቋቋም አዘዘ። የጦር ሜዳ ሐኪሞች ሁሉ የተሰበረ አጥንትና የቆሰለ አካል ከነታሪኩ እየጻፉ እንዲልኩ ታዘዙ። ሙዚየሙን እንዲያደራጅ የተሾመው ጆን ብሪንተን የተባለ ሐኪም በየጦር ሜዳው እየዞረ፥ ከተቀበሩበት ጉድጓድ ሳይቀር እያስወጣ ይሰበስብ ነበር። እያንዳንዱ አጥንት ቁጥር ተሰጠው፤ በመዝገብም ገባ።

ከሰጪዎቹ ሁሉ ዝነኛው ጄኔራል ዳንኤል ሲክልስ ነው። ይህ ሰው ከጦርነቱ በፊት የኒው ዮርክ የሕዝብ እንደራሴ ሳለ፥ በ1859 የሚስቱን ወዳጅ በቀን በአደባባይ ተኩሶ ገድሎ፥ ለጊዜው አእምሮው ታውኮ ነበር ተብሎ በነጻ የተለቀቀ ነው። በጁላይ 2 ቀን 1863 በጌቲስበርግ ጦርነት ሳይታዘዝ ጦሩን ከመስመር ወደ ፊት አወጣ፤ በዚህም ሥራው ልክ ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። በዚያው ቀን ማምሻ የመድፍ አረር ቀኝ እግሩን ሰባበረው። ወታደሮቹ ሞቷል ብለው እንዳይሸበሩ፥ በቃሬዛ ሲወሰድ ሲጋራ እያጨሰ ታየ ይባላል። እግሩም ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ሲክልስ ስለ ሙዚየሙ ትእዛዝ ያውቅ ነበርና እግሩ አልተጣለም። በትንሽ የሬሣ ሣጥን አምሳል በተሠራ ሣጥን ተደርጎ፥ ስሙ ካለበት ካርድ ጋር ከሰላምታ ጋር ወደ ዋሽንግተን ደረሰ። ከዚያ በኋላ ጄኔራሉ በየዓመቱ እግሩ የተቆረጠበት ቀን ሲመጣ ወደ ሙዚየሙ እየሄደ ይጐበኘው ነበር፤ ወዳጆቹንም ይዞ እየሄደ ያሳያቸው ነበር። ጸሐፊው ማርክ ትዌይን ሲክልስን በሽምግልናው አግኝቶት፥ ከቀረለት እግር ይልቅ የጠፋውን አብልጦ እንደሚወድ ታዝቦ ጽፏል። ትዝብቱ ስላቅ ቢኖርበትም እውነት ነው። በጌቲስበርግ ሳይታዘዝ ስለ መውጣቱ ለሚከሱት ሁሉ ያ አጥንት መልሱ ነበር፤ በ1897 ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ። ሲክልስ በ1914 በ94 ዓመቱ ሞተ። እግሩ ግን ዛሬም በሜሪላንድ በሚገኘው በዚያው ሙዚየም፥ የመታውን ዓይነት አረር አጠገቡ ተደርጎለት ይታያል።

ጄኔራል ሲሆን እንዲህ ነው። ተራው ወታደርስ? ብሪንተን ራሱ በጻፈው ትዝታ ውስጥ አንድ ታሪክ ይገኛል። አንድ ወታደር የተቆረጠ አካሉ በሙዚየሙ መኖሩን ሰምቶ፥ የኔ ነውና ስጡኝ ብሎ መጣ። ብሪንተንም ለስንት ጊዜ ነው በወታደርነት የተቀጠርከው ብሎ ጠየቀው። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ነው አለ። እንግዲያውስ አለው ሐኪሙ፥ ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ አንተ በሙሉ የመንግሥት ነህ፤ ከአንተም ከፊሉን አስቀድሜ ለመልቀቅ ሥልጣን የለኝም፤ ሲያልቅ ና፥ የቀረህን ትወስዳለህ። ወታደሩም ሄደ። ብሪንተን ይህን እንደ ቀልድ አድርጎ ነው የጻፈው፤ እኛም መጀመሪያ ስናነበው ስቀናል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥቶ ወይም ተቀብሎ ያውቃል፤ ደንቡ ትክክል ነው፥ ባለጉዳዩ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። ሲክልስ በየዓመቱ እየመጣ ሲጐበኝ ወታደሩ ደጁን አልፎ ቀረ።

በዚያው ዓመት በሜይ 2 ቀን 1863 የደቡቡ ጄኔራል ጃክሰን በጨለማ በገዛ ወታደሮቹ ጥይት ተመትቶ ግራ ክንዱ ተቆረጠ። የጦሩ ቄስ ክንዱን ከድንኳኑ አጠገብ አግኝቶ፥ በጨርቅ እንደ ተጠቀለለ ወስዶ ኤልውድ በተባለው በወንድሙ ርስት በቤተ ሰቡ መቃብር ቀበረው። ጃክሰን ከስምንት ቀን በኋላ በሳምባ ምች ሞቶ ሌክሲንግተን ላይ ሲቀበር ክንዱ ከነበረበት አልተነሣም፤ በ1903 ለብቻው የድንጋይ ምልክት ቆመለት። በዚያች ሌሊት ከዚያው ድንኳን የወጡት የሌሎች እጆችና እግሮች የት እንደ ገቡ የሚያሳይ ድንጋይ የለም።

ከእነዚህ ቁስለኞች ብዙዎቹ አንድ እንግዳ ነገር ይናገሩ ነበር፤ የሌለው እጅ ያማል፥ የሌለው እግር ያሳክካል ይሉ ነበር። የፊላዴልፊያው ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸል ይህን ሁሉ እየሰማ መረመረና በ1871 የሙት መንፈስ እንደማለት ያለ ስም አወጣለት፤ ስሙም በሕክምና ዓለም እስከ ዛሬ ጸንቷል። አስቀድሞም በ1866 ስሙን ሳይጽፍ አንድ ልብ ወለድ በመጽሔት አሳትሞ ነበር። ባለታሪኩ እጆቹንም እግሮቹንም በጦርነት ያጣ ሰው ነው፤ መናፍስት በሚጠሩበት ጉባኤ ተገኝቶ ሳለ በዋሽንግተኑ ሙዚየም በአልኮል የተቀመጡ ሁለት እግሮቹ ይመጡለትና ጥቂት እርምጃ ይራመዳል። አንባቢዎች እውነት መስሏቸው ለዚያ ምስኪን ገንዘብ አዋጡለት። አጎታችንም ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ሌሊት ሌሊት የሌለው እግራቸው አውራ ጣት ይበላቸው ነበር። «ያለበት ቦታ ምስጥ ይዞት ይሆን?» ይሉ ነበር። ስለ ሚቸል ጥናት በዚያን ጊዜ ብናውቅ እንነግራቸው ነበር፤ የነገርናቸው ግን ሌላ ነው፤ እርሱን በቦታው እናወሳዋለን።

የራሱን አካል ሲወጣ ዓይኑ እያየ የተመለከተ የማደንዘዣ ዘመን ሰው ሊዮኒድ ሮጎዞቭ ነው። ይህ የ27 ዓመት የሶቪየት ኅብረት ሐኪም በደቡብ ዋልታ በረዶ ላይ በኖቮላዛሬቭስካያ ጣቢያ ከነበሩት ሰዎች መካከል ብቸኛው ሐኪም ነበር። ትርፍ አንጀቱ ሲታመም የሚቀድደው ሌላ ሰው አልነበረም። በኤፕሪል 30 ቀን 1961 ቦታውን ብቻ በኖቮካይን አደንዝዞ፥ አንዱ ባልደረባው መስታወት ይዞለት፥ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ በገዛ እጁ የገዛ ሆዱን ቀደደ። መስታወቱ ግራና ቀኙን ስለሚገለብጥበት አብዛኛውን ሥራ በመዳሰስ ነበር የፈጸመው። ትርፍ አንጀቱን አውጥቶ ሲመለከት ከሥሩ ጠቁሮ አገኘው፤ አንድ ቀን ቢዘገይ ይፈነዳ እንደ ነበር ተረዳ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለሌላው በሽተኛ ሐኪሙ የሚነግረውን ነገር ሮጎዞቭ በእጁ ይዞ አይቶታል።

የዛሬ ሐኪሞች የወጣውን አካል ለባለቤቱ የማይሰጡበት ምክንያት አላቸው፤ እኛም አንክደውም። ቁራጩ በፎርማሊን ተነክሮ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል፤ ካንሰር መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። የሞተ እግርም ለቤተ ሰቡና ለጎረቤቱ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል በደንብ መቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር ይገባዋል። በየጤና ጣቢያችን የእንግዴ ልጅ ጉድጓድ የሚቈፈረው ስለዚሁ ነው። ነገሩ የሚከብደው የወጣው አካል ጥቅም ሲኖረው ነው። ጆን ሙር የተባለ አሜሪካዊ በደም ካንሰር ታሞ በ1976 በሎስ አንጀለስ ጣፊያው ወጣለት። ከዚያ በኋላም ለምርመራ እየተባለ ከሲያትል ድረስ ለዓመታት እየተመላለሰ ደምና ሌላም ናሙና ይሰጥ ነበር። በመጨረሻ እንደ ታወቀው፥ ሐኪሙ ከጣፊያው ሴሎች የማይሞት ዘር አርብቶ በ1984 የባለቤትነት ማረጋገጫ ወጥቶበት ነበር። ሙር ጣፊያዬ የኔ ነው ብሎ ከሰሰ። የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1990 ሐኪሙ ዓላማውን ሳይነግረው መቅረቱ ጥፋት ነው፥ ነገር ግን ከሰውነትህ በወጣው ሴል ላይ የባለቤትነት መብት የለህም ብሎ ፈረደ። ብሪንተን ለወታደሩ ከሰጠው መልስ የሚለየው ጦርነቱ ሲያልቅ ና አለማለቱ ነው።

ወደ አጎታችን እንመለስ። በሦስተኛው ቀን ጥያቄያቸው ስላልቆመ ከመካከላችን አንዱ ወርዶ እንዲጠይቅ ተላከ። አንዱ ሠራተኛ ተቃጥሏል አለ፤ ሌላው ለምርመራ ሄዷል አለ፤ ሦስተኛው ከሌሎች ጋር ተቀብሯል፥ ቦታውን ግን የሚያውቀው ሰው ዛሬ የለም አለ። እኛ በምንሠራበት ቤት አንዲት ቁራጭ ማመልከቻ እንኳ ቀንና ቁጥር ተጽፎባት፥ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ሄደች በመዝገብ ትገኛለች። እግሩ ግን ቁጥር አልነበረውም። ሁለተኛ ለመጠየቅ አፈርንና ተመለስን።

አጎታችንም፥ «አገኛችሁት?» አሉ። እኛም ሳንማከር፥ «አዎን ጋሼ፤ ወደ አገር ቤት ወስደን በሰበካዎ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አስቀብረነዋል» አልናቸው። «በየት በኩል?» አሉ። ይህን አላሰብንበትም ነበር። «በምሥራቅ በኩል፥ ከትልቁ ወይራ ሥር» አልን። አማትበው ተኙ፤ ከዚያም ወዲህ ስለ እግራቸው ጠይቀውን አያውቁም።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በክራንች እየተደገፉ ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ከወይራው ሥር ጥቂት ቆመው ነበር የሚመለሱት። ልጆቻቸው ይህን ሲነግሩን እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አስበን ነበር፤ አልተናገርንም። በ2011 ዓ.ም. ሲያርፉ ከእግራቸው አጠገብ እንዲቀበሩ ለንስሐ አባታቸው ተናዘው ስለ ነበር፥ መቃብሩ በምሥራቅ በኩል ከወይራው ሥር ተቈፈረ። ቈፋሪዎቹ አጥንቱን እንዳይመቱት ብለው ዶማውን አስቀምጠው በእጃቸው ቀስ እያሉ አፈሩን ይምሱ ነበር። ምንም ሳያገኙ ወገብ ድረስ ወረዱ። ከቈሙት ሽማግሌዎች አንዱ፥ «አምስት ዓመት ሆኖታል እኮ፤ አፈር ሆኗል» አሉና ሥራው ቀጠለ። እኛም ቆመን እንመለከት ነበር።